በወተት ጀሪካን የተማርኩት

ይህ ነገር የገጠመኝ የበኩር ልጄ ገና ጡት በሚጠባበት ዓመት፣ ከነገሌ ወደ ሊበን ገጠር አይሱዙ እየነዳሁ በምሠራበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። አሁንም ግን መናኸሪያ ውስጥ አንዱ ቢጫ ጀሪካን ክንዱ ላይ አስተኝቶ ጀርባውን መታ መታ ካደረገ፣ እኔን ሊያበሽቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ልርሳው ብል እንኳ ጓደኞቼ አያስረሱኝም። እውነቱን ለመናገር ልረሳውም አልፈልግም።

በቅድሚያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። አባቴ ወታደር ነበር። ከጎጃም ተነስቶ ስንት ጦር ሰፈር ዞሮ በመጨረሻ ነገሌ ቀረ። እኔም እዚያው ካምፑ አጠገብ ተወለድኩ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም እኩል አፌን ፈታሁ። አጎት፣ አክስት፣ አያት የሚባል ሰው ግን አላውቅም። በበዓል የጎረቤቱ ቤት በዘመድ ሲጨናነቅ እኛ ቤት እናቴ፣ አባቴና እኔ ብቻ ነን። ሰፈርተኛው "የካምፕ ልጅ" ይለኝ ነበር። ስድብ አይደለም፤ ዘመድ የሌለው ማለት እንደሆነ ግን ይገባኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ቀን ባለቤቴ አስቴር ልጃችንን ልታስከትብ ስትሄድ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ሐሳቤ ጥላ ፈልጌ መኪናው ውስጥ ጋደም ማለት ነበር። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ያስንቃል። ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላት።

"አባትየው፣ የት ነው?" አለችኝ።

"ክትባቱ የልጁ ነው፤ እኔ ሾፌር ነኝ" አልኳት።

"ልጁ ቤት ውስጥ ሲታነቅ ሾፌር ነኝ ልትለው ነው? ግባ።"

ገባሁ። አግዳሚው ሁሉ በእናቶች ተሞልቷል፤ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። አስቴር አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ከበሩ አጠገብ ቱሜ ተቀምጣለች። ቱሜ ከሊበን ገጠር ወተት እያመጣች ከተማ የምትሸጥ፣ ሁልጊዜ በኔ መኪና የምትመላለስ ሴት ናት። ምላሷን መናኸሪያው ሁሉ ይፈራዋል። የዚያን ቀን ሕፃን ልጇን አዝላ፣ ባዶ የወተት ጀሪካኖቿን እግሯ ሥር አስቀምጣ ነበር።

ሲስተር ትምህርቱን በጥያቄ ጀመረች። "ልጃችሁ ትን ሲለው ምን ታደርጋላችሁ?"

መልሱ ከየአቅጣጫው ዘነበ። አንዷ አናቱ ላይ እፍ እላለሁ አለች። አንዷ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳለሁ አለች። ሌላዋ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ሌላዋ ጣቴን ከትቼ አወጣለሁ አለች። ቱሜ ደግሞ "ማን ስሙን አነሳው? ነው የምንለው" አለች። ይህን እኔም አውቀዋለሁ። እናቴም ትን ሲለኝ "ማን አነሳህ?" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሚያነሳኝ ዘመድ ከየት አባቱ ይመጣል እያልኩ እስቃለሁ።

ሲስተር ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። "ልጁ ድምፅ እያወጣ የሚያስል ከሆነ ራሱ እየታገለ ነው። አጠገቡ ሁኑና ያስል፣ ተዉት" አለች። "ድምፁ ከጠፋ፣ ማልቀስም መሳልም ካቃተው ግን የአየር መንገዱ ተዘግቷል። ያኔ ውሃም ወተትም አትስጡ፤ በተዘጋ ላይ ነው የምትጨምሩት። የማታዩትን ነገር በጣታችሁ አትፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።"

ማድረግ ያለብንን ልታሳየን ፈለገች፤ አሻንጉሊት ግን የላትም። ዞር ዞር ብላ አየችና የቱሜን ትንሿን ጀሪካን አነሳች። የልጄን ሹራብ አለበሰችው። ክዳኑን ከፍታ አንድ ፍሬ ባቄላ ጣለችበት። "ይኸው፣ ልጁ ታነቀ" አለች። "በመጀመሪያ የሚሞክረው ወንዱ ነው።"

ተነስቼ ጀሪካኑን በእጀታው አንጠለጠልኩት።

"ልጅ እጀታ የለውም" አለችኝ ሲስተር።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም እልህ ያዘኝና እንደምንም ክንዴ ላይ አስተኝቼ ጀርባውን አቀመስኩት። እጄ ጎማ መፍታት የለመደ ነው። ጀሪካኑ ከነሹራቡ ተፈናጥሮ አግዳሚው ሥር ገባ። ቱሜ ከተቀመጠችበት ሆና፣ "ሲስተር፣ ለዚህ ሰው ልጅ አይደለም፣ ጀሪካኔንም አትስጪው" አለች። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።

ሲስተር ግን አልለቀቀችኝም። እጄን ይዛ ደጋግማ አሳየችኝ። ሕፃኑ በሆዱ ክንድ ላይ ይተኛል፤ ጭንቅላቱ ከመቀመጫው ዝቅ ይላል። ጉሮሮውን ሳይጫኑ አገጩን በእጅ ደገፍ ማድረግ ነው። ክንዱ ጭን ላይ ያርፋል። ከዚያ በመዳፍ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ፣ ግን በልኩ መምታት። ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ፣ ደረቱ መሃል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ጫን ጫን ማድረግ። ካልወጣ እንደገና መጀመር፤ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ለመጥራት ይሮጣል። ልጁ ራሱን ከሳተ ምን እንደሚደረግም ነግራናለች። ስንለማመድ እናቶቹ ሁሉ በኦሮምኛ አብረው ይቆጥራሉ፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን። በስንተኛው ሙከራዬ እንደሆነ እንጃ፣ ባቄላው ዱብ አለ። አጨበጨቡልኝ።

በማግስቱ መናኸሪያ ስደርስ ስሜ ጀሪካን ሆኗል። ቱሜ ናት ያወራችው። ተራ አስከባሪው፣ ጎሚስታው፣ ሻይ የምታፈላዋ ሳይቀሩ "ጀሪካን፣ ልጁ ተሻለው ወይ?" ይሉኛል። እኔም በሆዴ ቱሜን እየረገምኩ አብሬ እስቃለሁ።

ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ሣሩ በቅሎ፣ ላሙ ሁሉ ወተት የሚሰጥበት ወቅት ነው። አንድ የገበያ ቀን ወተት ሻጮቹን ወደ ገጠር ስመልስ ቱሜ ጋቢና ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ ስታበሽቀኝ ቆየች። መጨረሻ ላይ አባ ቦሩ መንደር ደረስን። አባ ቦሩ የቱሜ አጎት ናቸው፤ የአካባቢው ሽማግሌ። "ዛሬ ቡና ቀላ አለ፣ ሳትቀምስ አትሄድም" ብለው አስወረዱኝ።

ለማያውቀው ልንገር። ቡና ቀላ የሚጠጣ ቡና አይደለም። የቡናው ፍሬ ከነገለባው ጫፉ ይነከስና በቅቤ ይጠበሳል። ከዚያ ወተት ይጨመርበትና ፍሬው እየታኘከ ይበላል። በቅቤውም ሽማግሌው እየመረቁ ግንባር ይቀባሉ። ቦረና ቤት ይህን ያገኘ ሰው እንግዳ ተብሎ ሳይሆን ተከብሮ ነው የሚቀመጠው።

እዚያ ቤት የአባ ቦሩ ልጅ ሎኮ፣ የመጀመሪያ ልጇን ይዛ አባቷን ልትጠይቅ መጥታለች። ሕፃኗ ዳርሚ ትባላለች፤ ደገፍ ካደረጓት የምትቀመጥ፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትሰድ፣ ጉንጯ የሚበላ ልጅ። የሎኮ ወንድም ገልገሎም ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዱላው ከእጁ የማይለይ ጎልማሳ ነው። ስንገባ "ናጋ"፣ ሰላም ማለቱ ነው፣ ብሎኝ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም።

አባ ቦሩ ጣቶቻቸውን ቅቤው ውስጥ ነከሩና ዳርሚን ግንባሯን ቀቧት። "እደጊ፣ ናጋ ሁኚ" አሉ። ሁላችንም "ናጋ" ብለን ተቀበልን። ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ሆና በቅቤ ታብረቀርቃለች። እኔም ፍሬዬን እያኘኩ ስለ መንገዱ ጭቃ ማውራት ጀመርኩ።

ወሬዬን ሳልጨርስ ሎኮ "ምን ሆነች?" አለች።

ዳርሚ አፏን ከፍታለች። እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይኖቿ ፈጠዋል። ሎኮ አናቷ ላይ እፍ አለች። አንዷ ሴት "ማን አነሳት?" አለች። አንዷ ወተት ይዛ ሮጠች። ሎኮ ጣቷን ልትከት አፏን ትፈልጋለች። ቤቱ በጩኸት ተሞላ፤ የሁሉም ድምፅ ይሰማል፣ የልጅቷ ብቻ የለም።

ከዚያ ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ፤ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

"ወተቱን ተዉት! ሎኮ፣ ስጪኝ!" አልኩ።

አልሰጠችኝም። የት አውቃኝ? ከእጇ ነጠቅኋት። ክንዴ ላይ በሆዷ አስተኛኋት፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረግሁ፣ መታሁ።

አሁን ሳስበው እነሱ ያዩትን አየዋለሁ። ከቤታቸው የበላ ባዕድ ሾፌር ሕፃን ነጥቆ፣ ቁልቁል ደፍቶ ይደበድባል። ገልገሎ ከኋላዬ መጥቶ ኮሌታዬን አነቀ። ዱላው ሲነሳ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። አንድ ጊዜ ካሳረፈብኝ ልጅቷን መልቀቄ ነው፤ እሷም ማለቋ ነው። የፈራሁት ይህን ነው።

ዱላው አልወረደም። ቱሜ በሁለት እጇ ተንጠልጥላበታለች።

"ተወው!" አለችው በኦሮምኛ። "ሲስተር ያስተማረችን ነው፣ እኔም ነበርኩ! በኔ ጀሪካን ነው የተማረው!" ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ "ቁጠር አንተ!" አለችኝና ራሷ ቀጠለች፤ "ሰዲ… አፉር… ሸን።"

ምንም የለም። ገለበጥኳት። ፊቷ የዚያች የቅድሟ ልጅ ፊት አይደለም። ሁለት ጣቴን ደረቷ ላይ ሳሳርፍ ጣቴ ደረቷን የሚያክል መሰለኝ። የራሴ ልጅ ትዝ አለኝ። ቱሜ ትቆጥራለች፣ እኔ ጫን ጫን አደርጋለሁ። አምስቱ አለቀ። አሁንም የለም። መልሼ ደፋኋት። ቱሜ መቁጠሩን አላቆመችም። ሴቶቹም ሳይታወቃቸው አብረዋት ይቆጥራሉ።

"ቶኮ… ለማ… ሰዲ… አፉር…"

አንድ ጥቁር ነገር ጫማዬ ላይ ጠብ አለ።

ከዚያ ዳርሚ አለቀሰች። በመጀመሪያ እንደ ማስነጠስ፣ ቀጥሎ አንጀቷን አውጥታ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚጣፍጥ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሎኮ ወስዳ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ እሷም አለቀሰች፤ ቱሜም አለቀሰች። እኔ ቁጭ ልበል ብል አልቻልኩም፤ ገልገሎ አሁንም ኮሌታዬን እንደያዘ ነው። መያዙን ረስቶታል። ቱሜ "ኧረ ልቀቀው" ስትለው ደንግጦ ለቀቀኝ። የጨማደደውን ኮሌታዬን በትልቅ እጁ ቀስ ብሎ አስተካከለልኝ። ያኔ አንዷ ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን።

አባ ቦሩ ብቻ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ጫማዬ ላይ የወደቀውን አነሱት። ጫፉ የተነከሰ፣ በቅቤ የተለወሰ የቡና ፍሬ ነው። ቀጥሎ የራሳቸውን ጣቶች አዩ። ጣቶቻቸው ገና በቅቤ ያብረቀርቃሉ።

"ከኔ እጅ ነው" አሉ። "ስመርቃት ከጣቴ ጋር መጥቶ ጭኗ ላይ ወድቆ መሆን አለበት። እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ባንድ ጊዜ ዓመታት የጨመሩ መሰለኝ። አንጀቴን በሉኝ።

"አባ ቦሩ" አልኳቸው፣ "እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ሐሳቤ ወተት ሻጮቹን አውርጄ መመለስ ነበር። ያስወረዱኝ አንቱ ነዎት። ባያስወርዱኝ ኖሮስ?"

አባ ቦሩ ፍሬውን መሬት ላይ ጥለው እጄን ያዙ።

ልጅቷ ብታለቅስም ሲስተር ልታያት ይገባል ብዬ ቤተሰቡን በሙሉ መኪና ላይ ጫንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጉድጓድ እየሸሸሁ ነድቼ አላውቅም። ዳርሚ ጋቢና ሆና ሙሉውን መንገድ አለቀሰች፤ ባለቀሰች ቁጥር ቱሜ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ አልቅሺ" ትላታለች። ሲስተር ጉሮሮዋን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ አገላብጣ መረመረቻት። "ደህና ናት" አለች። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ሾፌር ነኝ አልነበር ያልከኝ?" አለች። እኔም ሳቅሁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባ ቦሩ ሲስተርን ይዤ እንድመጣ ላኩብኝ። ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ግራር ሥር ተሰብስቧል፤ ወንዱም ሴቱም። ቱሜ ጀሪካኗን የሕፃን ልብስ አልብሳ ጠበቀችን። ሲስተር በመጀመሪያ ማን ይሞክር ስትል ሁሉም ወደ ገልገሎ ዞረ። ገልገሎ ዱላውን አስቀመጠ፤ ያለ ዱላ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቀረብ አለና ጀሪካኑን በእጀታው አንጠለጠለው።

ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር። "ገልገሎ፣ ልጅ እጀታ የለውም" አልኩት።

ሳቁ እስኪበርድ ትምህርቱ ቆመ። በኋላ ግን ከሁላችንም በላይ ተጠንቅቆ የተማረው ገልገሎ ነው።

ሲያልቅ አባ ቦሩ ተነሱ። ሁለት እጄን ዘርግቼ እንድቀርብ ነገሩኝና እጆቼ ላይ ቱፍ ቱፍ ብለው መረቁኝ። ቦረና ሽማግሌ ምራቁን ካካፈለህ መረቀህ ማለት ነው። ቀጥለው ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ።

"ዳርሚ አንድ አቡያ ነበራት፣ ገልገሎ። አሁን ሁለት አላት" አሉ።

አቡያ የእናት ወንድም ነው። ልጅ ሲከፋው፣ ሲያገባ፣ ሲቸግረው የሚጠራው ሰው። ገልገሎን አየሁት፤ ሊያኮርፍ ይችላል ብዬ። እሱ ግን ከጎኔ መጥቶ ቆመና ኮሌታዬን እንደገና አስተካከለልኝ። የተጨማደደ ነገር አልነበረበትም። እኔ የካምፑ ልጅ፣ አጎት እንኳ አይቶ የማያውቀው፣ ራሴ አጎት ተባልኩ። አለቀስኩ። ቱሜ ማልቀሴንም በማግስቱ መናኸሪያ ላይ አወራችው።

አባ ቦሩ ከዚያ ወዲህ ልጆቹን የሚቀቡት ፍሬው ቅቤው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። በመጀመሪያ ልጆች በንጹሕ ቅቤ ይመረቃሉ፤ ከዚያ ቡናው ይገባል። ጎረቤቶቻቸውም እንደሳቸው ማድረግ ጀምረዋል።

ዳርሚ ዛሬ ነገሌ እኛ ቤት እየኖረች ትማራለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመናኸሪያው በኩል ታልፋለች፤ ከሩቅ "አቡያ!" ብላ ስትጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንዳንዱ "የእህትህ ልጅ ናት?" ይለኛል። አዎ እላለሁ፤ ማብራሪያ አልጨምርበትም።

ምሳ ላይ ትን ሲለኝ አስቴር ጀርባዬን እየደበደበች "ደግሞ ማን አነሳህ?" ትለኛለች። ድሮ የሚያነሳኝ ዘመድ አልነበረኝም። አሁን ሳሉ ሲለቀኝ ማን ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ፤ አባ ቦሩ፣ ሎኮ ወይስ ገልገሎ? ብዙውን ጊዜ ግን ቱሜ ትሆናለች ብዬ ነው የማስበው፤ መናኸሪያ ቁጭ ብላ እያማችኝ።